«ላግዝሽ?» የምትለው ጥያቄ

ለዓመታት ኩሽናችን በር ላይ ቆሜ አንዲት ጥያቄ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። «ላግዝሽ?» ጥያቄዋ ክፉ አይደለችም። ባለቤቴ ብዙውን ጊዜ «አይ፣ ተወው» ትለኛለች፣ እኔም ህሊናዬ ንጹህ ሆኖ ወደ ሶፋዬ እመለሳለሁ። ጠይቄያለሁ እኮ! ታዲያ አንድ ቀን መልሷ ተቀየረ። «ምን እንደምታግዘኝ አስቤ እስክነግርህ ድረስ እኔው ብጨርሰው ይሻላል» አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። እኔ ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር ይዤ ሶፋው ላይ ብዙ ተቀመጥኩ።

አሁን አሁን ደግሞ አብሮ ማብሰል ፋሽን ሆኗል። የትዳር አማካሪው ይመክረዋል፣ ፌስቡኩም ቲክቶኩም በሱ ተሞልቷል። ሁለቱም ሽርጥ ለብሰው፣ አንዱ እያማሰለ ሌላው እየቀመሰ፣ አፍንጫቸው ላይ ዱቄት ነክቷቸው ይሳሳቃሉ። ደስ ይላል፤ አልዋሽም፣ እኔም አያለሁ። የሚገርመኝ ቪዲዮው ውስጥ የማይታየው ነገር ነው። ቲማቲሙን ማን ገዛው? ዛሬ ይሄ ይሠራ ያለው ማን ነው? ያ ሁሉ ድስት በኋላ ማን አጠበው?

መቼም ቁጥር ሳይጠራ እንዲህ ዓይነት ወሬ አይሆንምና ቁጥሩን ቶሎ ልጥራና ልለፈው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2018 ባወጣው ሪፖርት የ64 አገሮችን መረጃ አይቶ፣ ክፍያ ከሌለው የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ውስጥ 76.2 በመቶውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው ብሏል። በቀን ሲሰላ ሴቷ 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ፣ ወንዱ 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ማለት ነው። ይሄ ልጅ ማሳደጉንም ጽዳቱንም ይጨምራል። ምግብ ማብሰሉን ብቻ ለይቶ ማየት ለሚፈልግ፣ ጋሉፕ የሚባለው የሕዝብ አስተያየት ጠያቂ ድርጅት በየዓመቱ ከመቶ በላይ አገሮች ውስጥ ሰዎችን ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ ቤታችሁ አበሰላችሁ እያለ ሲጠይቅ ነበር። በ2022 ሴቶቹ ወደ 9 ጊዜ ገደማ፣ ወንዶቹ ወደ 4 ጊዜ ገደማ ነው ያሉት። ወንዶች ከሴቶች በልጠው የተገኙባት አገር አንዲት ብቻ ነበረች፤ ጣሊያን። ለምን ጣሊያን ብላችሁ አትጠይቁኝ።

እነዚህ ቁጥሮች ግን የሚቆጥሩት እጅን ነው። ማን ከተፈ፣ ማን አማሰለ፣ ስንት ደቂቃ ቆመ። የባለቤቴ መልስ ስለ እጅ አልነበረም። «አስቤ እስክነግርህ» ነው ያለችው። ማሰቡ ራሱ ሥራ ነው፣ እሱን ደግሞ ሰዓት ይዞ የሚቆጥረው የለም።

አሊሰን ዳሚንገር የምትባል የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ በ2019 ያሳተመችውን ጥናት ሳነብ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። 35 ጥንዶች ላይ ባደረገችው ጥናት የቤት ውስጥ የጭንቅላት ሥራን አራት ቦታ ትከፍለዋለች። አንድ ነገር እንደሚያስፈልግ ቀድሞ ማየት አለ። አማራጩን መፈለግ አለ። ከዚያ መወሰን። ከዚያ ደግሞ የተወሰነው ነገር መሆን አለመሆኑን መከታተል። መወሰኑ ላይ ባልና ሚስት ብዙ ጊዜ አብረው አሉ። ቀድሞ ማየቱና መከታተሉ ግን ባብዛኛው ሴቷ ላይ ነው የወደቀው። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም እኔ ቤታችን ውስጥ የምሳተፈው በትክክል ሦስተኛው ላይ ነው። «ሩዝ ይሻላል ፓስታ?» ስባል «ሩዝ» እላለሁ። ተሳተፍኩ!

እስቲ አንድ የማክሰኞ ራት እንውሰድ። ራቱ የሚጀምረው ማክሰኞ ማታ ምድጃው ሲለኮስ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እሑድ ማታ ነው የሚጀምረው፣ ባለቤቴ ለሌላ ነገር ፍሪጅ ከፍታ ያ የተረፈው ካሮት ሁለት ቀን ቢቆይ እንደሚበላሽ ስታይ። ሰኞ ከሥራ ስትወጣ ሽንኩርት ማለቁ ትዝ ይላታል። ማክሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆማ ሥጋውን ከማቀዝቀዣው በረዶ ቤት አውርዳ ታች ታስቀምጠዋለች፤ ካልሆነ ማታ ድንጋይ ነው የሚሆነው። ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኔ ገብቼ እጄን ታጥቤ «ላግዝሽ?» እላለሁ። በዚያ ሰዓት ላይ የቀረው ሥራ ካሮት መላጥ ነው። ካሮቱን እልጣለሁ። ራት ላይ ተቀምጠን «ዛሬ አብረን አበሰልን» ብዬ አስባለሁ።

«ማገዝ» የሚለው ቃል ራሱ ያጋልጣል። የሚያግዝ ሰው የሚያግዘው የሌላ ሰውን ሥራ ነው። የራሱን ሥራ የሚያግዝ የለም። «ላግዝሽ» ስል ይሄ ያንቺ ነው፣ እኔ በጎ ፈቃደኛ ነኝ ማለቴ ነው፤ ደግሞ ሥራ አከፋፋይም አንቺው ሁኚ፣ ቢላውን አሳዪኝ፣ ምን ያህል እንደሚቀጥን ንገሪኝ፣ ስጨርስ አመስግኚኝ። አንዲት ሴት ራት እየሠራች በዚያ ላይ የአንድ ሠልጣኝ አለቃ ሆነች ማለት ነው። በነገራችን ላይ ይሄ ወንድና ሴት ቢገለባበጥም ያው ነው። ባልየው ዋናው አብሳይ የሆነበት ቤት አውቃለሁ፣ እዚያ ደግሞ በር ላይ ቆማ «ላግዝህ?» የምትለው ሚስትየዋ ነች፣ እሱም ልክ እንደ ባለቤቴ ቀና ሳይል «አይ፣ ተዪው» ይላል።

ታዲያ ለምን አይታየንም? ክፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1979 አንድ ቀላል ነገር ሠርተዋል። 37 ባልና ሚስቶችን ለየብቻ አስቀምጠው፣ ቁርስ መሥራት፣ እቃ ማጠብ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን እየዘረዘሩ «ከዚህ ውስጥ ያንተ ድርሻ ስንት ነው?» «ያንቺስ?» አሏቸው። ከዚያ የሁለቱን መልስ ደመሩት። እውነት ቢሆን ድምሩ ከመቶ ማለፍ የለበትም። አብዛኞቹ ሥራዎች ላይ አለፈ። ባልና ሚስቱ ሲደመሩ ካለው ሥራ በላይ ሠርተናል ብለው ያምናሉ፣ ሁለቱም ከልባቸው ነው።

ጉራ ነው እንዳትሉ፣ ጥሩ ያልሆነውም ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ጭቅጭቅ ማስነሳት ላይ፣ ሰው የራሱን ድርሻ አብዝቶ ነው የተናገረው። ስለዚህ ነገሩ የማስታወስ ጉዳይ ነው። ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔ ሲያነባ እኔው ነኝ የማለቅሰው፣ እንዴት እረሳዋለሁ? ባለቤቴ ሱቅ ውስጥ ቆማ «ዘይት አለን የለንም?» ብላ ያሰበችበትን ሠላሳ ሰከንድ ግን እኔ ከየት አባቴ አገኘዋለሁ? አላየሁትማ። እጅ ሲሠራ ይታያል። ጭንቅላት ሲሠራ ሰውየው ዝም ብሎ የቆመ ነው የሚመስለው።

ከዚያች ቀን በኋላ እኔም ተነሳሁ። ከዛሬ ጀምሮ እኩል ነው አልኩ፤ ሁሉንም ነገር አብረን፣ ጎን ለጎን፣ አንድ ድስት ላይ። ይህ ውሳኔ ምን እንዳመጣ ልንገራችሁ።

እሑድ ነበር። የቲማቲም ስጎ እየሠራን ነው። ጨው ጨመርኩ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ። ስልክ ጠራና ወጣሁ። ባለቤቴ መጣች፣ አማሰለች፣ ጨው ጨመረች። እኔ ተመለስኩ፣ ክዳኑን አነሳሁ፣ «ጨው አድርጌበት ነበር እንዴ?» አልኩ በሆዴ፣ ስልክ ላይ የነበረው ወሬ አናቴን ይዞት ስለነበር አላስታወስኩም፣ ሳልቀምስ ጨመርኩ። ሦስት ማንኪያ ጨው ስጎ ውስጥ ገባ። ስንቀምሰው ተያየን። ቲማቲም ጨመርን፣ ውሃ ጨመርን፣ ድስቱ ሞላና ትልቁ ድስት ወረደ። ድንች ጣሉበት፣ ጨውን ይመጠዋል የሚባለውንም ሞከርነው። ድንቹ የሚመጠው ጨዋማውን ውሃ ነው፤ ጨውን ለይቶ አይወስድም፣ የቀረው መረቅ እንደነበረው ነው። ጨው አንዴ ከገባ መድኃኒቱ ማቅጠን ብቻ ነው። ያን ስጎ ሳምንቱን ሙሉ በላነው።

ጥፋቱ የማን ነው ብለን ትንሽ ተነታረክን፣ በኋላ ግን የማንም እንዳልሆነ ገባኝ። ድስቱ ባለቤት አልነበረውም። የሁለታችንም ስለነበረ የማናችንም አልነበረም። መከታተል የሚባለው አራተኛው ሥራ መሬት ላይ ወድቆ ነበር።

ይህ ችግር ምግብ ቤቶች ውስጥ ድሮ ነው የታወቀው። ኦጉስት ኤስኮፊዬ የሚባለው ፈረንሳዊ የምግብ ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የትልልቅ ሆቴሎችን ኩሽና ሲያደራጅ ሥራውን በቦታ በቦታ ነው የከፈለው። እሱ ራሱ ጦር ሠራዊት ውስጥ ምግብ አብሳይ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው፣ አደረጃጀቱም የዚያ ሽታ አለው። ስጎ የሚሠራው ስጎውን ብቻ፣ ሥጋ የሚጠብሰው ጥብሱን ብቻ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ አለቃ። ዛሬም ጥሩ ምግብ ቤት ኩሽና ብትገቡ ሰው ከሰው ጀርባ ሲያልፍ «ከኋላህ!» ይላል፣ ትኩስ ነገር የያዘ «ትኩስ!» ይላል፣ ቢላ የያዘ «ቢላ!» ይላል። ሥነ ሥርዓት ማሳመር አይደለም፣ እንዳይቃጠሉና እንዳይወጉ ነው። እኛ ቤት ይህችን ብቻ ተውሰናል። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር፣ አሁን ሳላስበው ሊፍት ውስጥ ሁሉ «ከኋላህ» ልል ይቃጣኛል።

ዋናው የተዋስነው ግን ሌላው ነው። ለአንድ ድስት አንድ ባለቤት። እኩልነት ማለት በእያንዳንዷ ቁንጥር ጨው ላይ መመካከር እንዳልሆነ ያ ስጎ አስተምሮናል። ዛሬ አለቃው አንዱ ነው፣ ነገ ሌላው ነው። አለቃ ማለት ደግሞ ድስቱ አጠገብ መቆም ብቻ ሳይሆን ከእሑድ ፍሪጅ ጀምሮ ነው፤ ምን እንደሚሠራ ማሰብ፣ ያለቀውን ማየት፣ መግዛት፣ ሥጋውን ከበረዶ ማውረድ። ሌላኛው በዚያ ቀን ታዛዥ ነው፤ ካሮት ላጥ ሲባል ይልጣል፣ ዞር በል ሲባል ዞር ይላል።

ዞር ማለት ስል፣ የቦታው ነገር በጣም የሚናቅ ነው። ብዙ ባልና ሚስት ኩሽና ውስጥ የሚነታረኩት ፍቅር ጎድሏቸው ሳይሆን ክርን ለክርን ተጋጭተው ነው። ኩሽናው ራሱ ለሁለት ሰው አልተሠራማ። የዛሬዎቹ ጠባብና ቀልጣፋ ኩሽናዎች እናት የምትባለው የፍራንክፈርት ኩሽና ነች። ማርጋሬት ሹተ-ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት በ1926 ነው የነደፈቻት። ስፋቷ 1.9 ሜትር በ3.4 ሜትር ገደማ ነው፣ ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ ወደ 10,000 ቤቶች ገብታለች። አርክቴክቷ እርምጃ እየቆጠረች፣ የባቡር ምግብ ቤት ኩሽናዎችን እያየች፣ ሴቷ ሳትባክን ቶሎ ጨርሳ እንድትወጣ ነበር ሐሳቧ። ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው፣ ድካም ቀንሷል። ነገር ግን አንድ ሰው ነው የታሰበው። ሁለተኛ ሰው ገብቶ ቢቆም መንገድ መዝጋቱ ነው። ሹተ-ሊሆትስኪ እራሷ ያንን ኩሽና ከመንደፏ በፊት አብስላ እንደማታውቅ አርጅታ በግልጽ ተናግራለች፣ ይሄን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የአሜሪካ የኩሽናና መታጠቢያ ቤት ባለሙያዎች ማኅበር መመሪያ ላይ ደግሞ እንዲህ የሚል ልኬት አለ። አንድ ሰው የሚያበስልበት ኩሽና መተላለፊያው ቢያንስ 107 ሴንቲሜትር ይሁን፣ ከአንድ በላይ ከሆኑ 122። ልዩነቱ 15 ሴንቲሜትር ነው። ከስንዝር ያነሰ ነገር! ስንት ኩርፊያ ከዚያች ስንዝር እንደሚመጣ የሚቆጥር ባገኝ እወድ ነበር። እኛ ያደረግነው ግድግዳ ማፍረስ አይደለም፣ መክተፊያውን ከኩሽና ማውጣት ነው። የሚከትፈው ሰው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይከትፋል፣ ድስት ላይ ያለው ብቻውን ይቆማል። በበሩ እየተያዩ ማውራት ይቻላል። እንዲያውም ወሬው የተሻለ ሆነ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሥራውን ለቀቅኩልህ ብሎ ጭራውን አለመልቀቅ አለ። የኔ ተራ በሆነበት የመጀመሪያው ሳምንት ሽንኩርት ስከትፍ ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ምንም አላለችም። ትንፋሿ ግን ብዙ ይላል። በመጨረሻ «እንዲህ ነው እንዴ የምትከትፈው?» አለች። ሣራ አለንና አለን ሆኪንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 ስለዚህ ጽፈዋል፤ እናት ለአባትየው በሩን ራሷ ትዘጋበታለች፣ መስፈርቱን ከፍ አድርጋ፣ የሠራውን ደግማ እየሠራች፣ እሱም ቀስ በቀስ ይተዋል። በርግጥ ይህን ለሰበብ የሚፈልጉት ወንዶች ብዙ ናቸው። «እኔማ ልሠራ ነበር፣ እሷ እኮ አይጥማትም!» የሚለው አለ። ሆን ብሎ ሩዝ አሳርሮ «አየሽ፣ አልችልም» የሚለውም አለ፣ እሱን ሩዝ ማሳረር እንኳን ዕቅድ እንደሚፈልግ ብነግረው ደስ ይለኛል። ሥራ ቦታው ላይ ውስብስብ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሰው አንድ ኩባያ ሩዝ ለሁለት ኩባያ ውሃ አቃተኝ ሲል ማን ያምነዋል?

ታዲያ ስንተችስ? ሁሌም ዝም ይባል? እኔ የምለው፣ ምግቡን ወይም ሰውን የሚጎዳ ነገር ከሆነ ይነገር፣ የአካሄድ ልዩነት ከሆነ ይዋጥ። ጥሬ ሥጋ በተከተፈበት መክተፊያ ላይ ሳይታጠብ ለሰላጣ ቲማቲም ሲቆረጥ ማየት የሚዋጥ አይደለም፣ ጀርም ኩርፊያ አያውቅም። ሽንኩርቱ መወፈሩ ግን ይዋጣል። መካከል ላይ ደግሞ አንድ አስቸጋሪ አለ። እኔ ሥጋ ስጠብስ ሁሉንም አንድ ላይ መጥበሻው ላይ መገልበጥ እወዳለሁ፣ ቶሎ ያልቃላ። ባለቤቴ «ከፋፍለህ ጥበሰው» ትላለች። የአካሄድ ጉዳይ ነው ብዬ ተከራከርኩ። አልነበረም። ሥጋ ሲበዛ ውሃ ያወጣል፣ ውሃው እስካልተነነ ድረስ የሥጋው ላይ ላዩ ከ100 ዲግሪ አይዘልም። ያ ቡናማ መልክና የጥብስ ሽታ የሚመጣው ደግሞ ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ ሉዊ ካሚዬ ማያር የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1912 የገለጸው ነገር ነው፣ በሱ ስም ይጠራል። ለካ እኔ ሥጋውን ስቀቅለው ነው የኖርኩት። ባለቤቴ ማያርን አታውቀውም፣ ግን ትክክል ነበረች። ከዚያ ወዲህ ትችት ሲመጣ ከመቆጣቴ በፊት «ለምን?» እላለሁ። ምክንያት ካለው እቀበላለሁ፣ «እንዲያው ልማዴ ነው» ከሆነ መልሱ በራሴ እቀጥላለሁ።

እቃ ማጠብን ሆን ብዬ አዘግይቼዋለሁ፤ ሰውም የሚያዘገየው እሱኑ ነው። ዳንኤል ካርልሰን የሚባል የሶሲዮሎጂ ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር በ2018 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካውያን ጥንዶች ከሚካፈሏቸው የቤት ሥራዎች ውስጥ ለሴቶቹ ደስታ ትልቁ ለውጥ የታየበት እቃ ማጠብ ነው። ምግብ መሥራት አይደለም፣ ልብስ ማጠብም አይደለም። ሲታሰብ አይገርምም። ያበሰለ ሰው «ኧረ እጅሽ ይባረክ» ይባላል። እቃ ያጠበ ሰው ምን ይባላል? ምንም። ቅባት የጋገረበት መጥበሻ፣ የተረፈ ምግብ የነፈረበት ሲንክ፣ ማንም የማያይህ ሰዓት። ምስጋና ያለውን ሥራ ይዞ ምስጋና የሌለውን ለሌላው መተው አብሮ ማብሰል አይባልም። በተለይ ወንዶች (እኔም አለሁበት) በሳምንት አንዴ ገብተን፣ በቤቱ ያለውን ድስት ሁሉ አውርደን፣ እንግዳ የሆነ ምግብ ሠርተን፣ ጭብጨባ ተቀብለን እንወጣለን። ሰባት ድስት ሲንክ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ይህ ትርኢት ነው።

ብዙዎች «ያበሰለ አያጥብ» የሚለውን ሕግ ያወጣሉ። ጥሩ ይመስላል፣ ግን አብሳዩ ስለማያጥብ አይቆጥብም፤ አንድ ማንኪያ ይበቃው የነበረ አምስት ያቆሽሻል። እኛ አለቃ የሆነው ሰው ስጎው እስኪንተከተክ በሚጠብቅባት ጊዜ የተጠቀመበትን ያጥባል፣ የተበላበትን ሳህን ሌላው ያጥባል ብለን ተስማምተናል። አንዳንዴ ይፈርሳል። ትናንት ፈርሷል።

እስካሁን ያወራሁት እንደ ሥራ ውል ሆነብኝ መሰለኝ። አብሮ ማብሰል ደስም ይላል እኮ፣ ያ የቲክቶኩ ሳቅ ሁሉም ውሸት አይደለም። አርተር አሮን የሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት ሙከራ ጥንዶችን በአንድ ጎን እጅ ለእጅና እግር ለእግር አስረው፣ ምንጣፍ ላይ በአራት እግራቸው እየዳኹ፣ በመካከላቸው ትራስ ተሸክመው፣ በእጅም በጥርስም ሳይነኩት መሰናክል እንዲያልፉ አደረጓቸው። ሰባት ደቂቃ ነው የፈጀው። ሌሎቹ ጥንዶች አሰልቺ ነገር ነው የተሰጣቸው። ከሙከራው በኋላ ትራስ የተሸከሙት ስለ ትዳራቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። ትራሱ አይደለም ነገሩ። አዲስ መሆኑ፣ ሁለቱም አለማወቃቸው፣ አብረው መቸገራቸው ነው።

ይሄ ለኩሽና በትክክል ይሠራል። ባለቤቴ ለዓመታት የሠራችውን ምግብ አብረን ስንሠራ እሷ አስተማሪ እኔ ተማሪ ነኝ፣ አይቀርም። ሁለታችንም ሠርተን የማናውቀውን ስንሠራ ግን እኩል ደንቆሮ ነን። ባለፈው ዳቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከርን። ሊጡ እጃችን ላይ ተጣብቆ በር መክፈት አቃተን፣ እሷ በክርኗ እኔ በትከሻዬ ስንታገል ስልኩ ጮኸ፣ ማንም ሊያነሳው አልቻለም። ዳቦው ከላይ አምሮ ከውስጥ ሊጥ ሆኖ ወጣ። ዳሩን ዳሩን ቆርሰን በላን። ያን ማታ እንደሳቅነው ብዙ ጊዜ አልሳቅንም።

ደግሞ ሁሉም ሰው አብሮ ማብሰል አለበት አልልም። ለአንዳንዱ ሰው ኩሽና በቀኑ ውስጥ ብቻውን የሚሆንባት ብቸኛዋ ቦታ ነች። ሽንኩርት ሲከትፍ ነው ቀኑ ከላዩ የሚወርድለት። እንዲህ ያለውን ሰው «አብረን እንሥራ» ብሎ ማስጨነቅ ግፍ ነው፤ እሱን ተወውና ገበያውን፣ ሐሳቡን፣ ሲንኩን ውሰድለት። አብሮ ማብሰል አንድ ሰዓት ላይ አንድ ክፍል ውስጥ መቆም ላይሆን ይችላል። የሥራ ሰዓታቸው የማይገናኝ ባልና ሚስት አውቃለሁ፤ አንዷ ጠዋት ትከትፋለች፣ አንዱ ማታ ያበስላል፣ ሳምንቱን ሙሉ ኩሽና ውስጥ አይተያዩም። ከብዙዎቻችን የበለጠ አብረው የሚያበስሉ እነሱ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ፍሪጅ ልዘጋ ስል የዘይቱ ጠርሙስ ላይ ዓይኔ አረፈ። ከሥሩ ሁለት ጣት ብቻ ቀርቶታል። ማንም ሳይነግረኝ፣ ተራዬም ሳይሆን አየሁት! ቀድሞ ማየት የሚባለው ይሄ ነው ብዬ ለራሴ ኮራሁ። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ትዝ አለኝና ለባለቤቴ ነገርኳት፣ በዝርዝር፣ እንዴት እንዳየሁት፣ ምን እንደተሰማኝ።

«ታዲያ ገዛኸው?» አለችኝ።

አልገዛሁም።